ሎሚ ያላፈላው ገደል

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ ካለው ቤቴ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሣሁ። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ነበር። ወዳጄ ተፈራና ባለቤቱ አስቴር በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ካልቨርት ካውንቲ ውስጥ፣ ገደል አናት ላይ የቆመ ቤት ሊገዙ አስበዋል። እኔ ገደሉን አይቼ "ይቆማል" ወይም "አይቆምም" ልላቸው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠየቅ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ፤ አንዴ ለልጄ ምረቃ፣ አንዴ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ። ድንጋይን ግን በዚህ አካባቢ ካለ ሐበሻ ሁሉ አብልጬ አውቃለሁ። ይህን ስል አላፍርም፤ የሚያሳፍረው ሳያውቁ ማውራት ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ። አገር ቤት ሳለሁ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከደጀን ኖራ የሚያመላልስ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። የዓባይን በረሃ በጭነት ስትወርዱ ቀኝና ግራ የሚያጅባችሁ ድንጋይ ነው። ሌሎች ሾፌሮች ካሴት ሲያዳምጡ እኔ የድንጋዩን መደብ ስቆጥር ኖርኩ። አሜሪካ መጥቼ ደግሞ ዲሲ መሐል ከመሬት በታች ባለ ጋራዥ ትኬት ስቆርጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ያስወገዳቸውን የጂኦሎጂ መጻሕፍት በሃምሳ ሳንቲም እየገዛሁ በትኬት መቁረጫዋ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ጨረስኳቸው።

የሎሚዬ ታሪክ የሚጀምረው እዚያው ነው። ከጋራዡ በላይ ያለው ሕንፃ በምን ድንጋይ እንደተሠራ የጥገና ሠራተኛውን ብጠይቀው "ላይምስቶን" አለኝ። ከኪሴ የማትጠፋ መዝገበ ቃላት ነበረችኝ። "ላይም" የሚለውን ብገልጥ "ሎሚ" ትላለች። የሎሚ ድንጋይ! ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ካላየሁ አላምንም። ለምሳ ሰላጣዬ የያዝኩትን ሎሚ ይዤ ወጣሁና የግድግዳውን አንድ ጥግ በሳንቲም ጫር አድርጌ ጨመቅሁበት። ድንጋዩ ፈላ! ነጭ አረፋ ቸፍ ቸፍ እያለ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። ፈረንጆቹ ለካ ስሙን ያወጡለት ለዚህ ነው ብዬ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ "ላይምስቶን፦ የሎሚ ድንጋይ፤ ሎሚ ሲነካው ስለሚፈላ" ብዬ ጻፍሁ።

"ላይም" ኖራም ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያ ድንጋይ ከደጀን ሳመላልሰው የኖርኩት የኖራ ድንጋይ ኖሯል፤ በመጽሐፍ ስሙ በሃ ድንጋይ ይሉታል። ስሕተት ነበር ብትሉኝ አልከራከርም። ግን ልብ አድርጉ፤ ቃሉን ስቼ ድንጋዩን አገኘሁ። የተማሩትም ቢሆኑ በሃ ድንጋይን የሚለዩት አሲድ አንጠባጥበው መፍላቱን አይተው ነው። ልዩነቱ የእኔ አሲድ ከሱቅ የሚገዛ መሆኑ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሎሚ ከኮት ኪሴ ተለይቶ አያውቅም። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሴቨን ኮርነርስ የሚያውቀኝ ሁሉ "ጋሽ ሎሚ" የሚለኝም በዚህ ነው። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ግን በየነ ነው።

አሌክሳንድሪያ፣ ሁለት ሰዓት

ተፈራና አስቴር የሚኖሩት ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ሌላ ስቴት ውስጥ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮታቸው ፓርኪንግ ያያል። ተፈራ ሰው ወደ ኤርፖርት ያመላልሳል፤ አስቴር አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። ሁለቱም ጡረታቸው ደርሷል። አስቴር ከዚያ መስኮት ሥር ስንት ዓመት እንደቆመች እግዜር ይወቅ። ውኃ እያየች ማርጀት ትፈልጋለች። ሌላ ምኞት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ተፈራ ኮል አደረገኝና የገደሉን ፎቶ ላከልኝ። ፎቶው ላይ ገደሉ በወገቡ ዙሪያ ሰፊ ነጭ መቀነት ታጥቋል። እኔም አልጋዬ ላይ ጋደም እንዳልኩ "ይሄማ ላይምስቶን ነው! ካንተ በኋላ ሺህ ዓመት ይቆማል" አልኩት። ኤጀንታቸው ደግሞ ቤቱን የሚፈልግ ብዙ ስለሆነ ኢንስፔክሽኑን ዌቭ አድርጉ፣ ማለትም ቤቱን ሳታስመረምሩ እለፉት፣ የግዢውን ኦፈርም ቅዳሜ ከሰዓት ፈርሙ ብላቸዋለች። አስቴር ያኔ "ጋሽ በየነ ካሉ አለቀ፤ ሌላ ኢንስፔክተር አያስፈልገንም" ብላ ነበር። ይህ አባባሏ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞቅ አድርጎ አክርሞኛል። እውነቱን ለመናገር፣ የዛሬው ጉዞዬ ከመመርመር ይልቅ ለመመስገን ያደላ ነበር።

ተፈራ መኪናው ኮፈን ላይ ተደግፎ ጠበቀኝ።

"ዛሬ ስንት ሎሚ ያዝክ?"

"አንድ። ለአንድ ገደል አንድ ሎሚ ይበቃዋል።"

"ገደሉን ሰላጣ ልታደርገው ነው እንዴ?"

"አንተ ሰውዬ፣ እሳቸውን ተዋቸው" አለች አስቴር። ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ፣ ዳቦና ቆሎ ይዛለች። "ጋሽ በየነ፣ ከፊት ይቀመጡ። ጉልበትዎ እንዳይታጠፍ።"

"ጉልበቴ የሰባ ስድስት ዓመት ነው፤ ከተፈራ ጉልበት ግን ይሻላል" አልኩና ከፊት ተቀመጥኩ።

መኪናው ሳይነሣ አስቴር ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። "ጌታ ሆይ፣ መንገዳችንን ባርክ፣ ፈቃድህ ከሆነ ቤቱን ስጠን፣ ካልሆነም…"

"አሜን!" አለ ተፈራ "ካልሆነም" የሚለው ሳያልቅ፣ ሞተሩን እያስነሣ።

መንገዱ

የፖቶማክን ትልቅ ድልድይ ተሻግረን ወደ ሜሪላንድ ተመለስን። ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን፣ ለቀን ሩት ፎር የሚባለውን መንገድ ያዝን። ተፈራ ጂፒኤስ ይከፍታል፤ እኔ ሴትዮዋ ከመናገሯ በፊት "አሁን ወደ ቀኝ ትላለች" እላለሁ፤ ሦስት ጊዜ ተናግሬ ሦስቱንም አገኘሁ። ከከተማው ከወጣን በኋላ ቤቱ እየሳሳ፣ ዛፉ እየጠበቀ ሄደ። አልፎ አልፎ ትንባሆ ይደርቅባቸው የነበሩ ያረጁ የእንጨት ጎተራዎች ይታያሉ፤ ቀለማቸው ጠፍቶ ግራጫ ሆነዋል።

መንገድ ዳር ፍራፍሬ የሚሸጡ ባልና ሚስት ጋ ቆምን። አንድ ቅርጫት ኮክ በስምንት ዶላር ገዛን። ሻጭዋ ወዴት እንደምንሄድ ስትጠይቅ ተፈራ ደረቱን ነፋ አድርጎ "ገደሉ ላይ ቤት ልንገዛ" አላት። ሴትዮዋ ባሏን አየችው፤ ባሏ ቅርጫቱን አየ። "ቪውው ቆንጆ ነው" አለች በመጨረሻ። ተፈራ ይህን እንደ ምርቃት ወሰደው።

በመኪና ውስጥ ትምህርት ሰጠሁ፤ ሌላ ጊዜ ሰው ለምኖኝ የምሰጠውን። በሃ ድንጋይ ማለት የባሕር መቃብር ነው አልኳቸው። ዛጎሉ፣ ቀንድ አውጣው፣ በዓይን የማይታየው ሁሉ ሲሞት ባሕሩ ወለል ላይ ይነጠፋል፤ ላዩ ላይ ሌላ ይጫናል፤ ክብደቱና ዘመኑ ጨምቆ ድንጋይ ያደርገዋል። የዓባይ ሸለቆ ድንጋይ እንዲያ ነው የተሠራው፤ እዚያም አንድ ዘመን ባሕር ነበረ። ያንን ድንጋይ አቃጥለን ነው ኖራ የምናደርገው።

"እና የእኛም ቤት ባሕር መቃብር ላይ ነው?" አለች አስቴር ከኋላ።

"የአንቺ ቤት ብረት ላይ ነው በዪው" አልኳት።

ገደሎቹ፣ አራት ሰዓት

ቤቱን ከማየታችን በፊት ጎኑ ያለውን የተጠበቀ ፓርክ እንድናይ ያስገደድኩ እኔ ነኝ። ገደሉ ያው አንድ ገደል ነው፤ ፓርኩ ውስጥ ደግሞ ሰው ስላልነካው ጥርት ብሎ ይነበባል። በር ላይ የመግቢያውን ሂሳብ ፖስታ ውስጥ ከትተን ሣጥን ውስጥ ጨመርን። ለሜሪላንድ ሰሌዳ አምስት ዶላር፣ ለሌላ ስቴት ሰባት ነው። ተፈራን "በእኔ መኪና ብንመጣ ኖሮ…" ብዬ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ተውኩለት።

እስከ ባሕሩ ድረስ ሁለት ማይል የማይሞላ የጫካ መንገድ አለ። ቀይ ምልክት ዛፍ ዛፉ ላይ ተቀብቷል። መሐል ላይ ቢቨር የተባሉ ዛፍ ቆራጭ እንስሳት ወንዙን ገድበው ረግረግ አድርገውታል፤ የደረቁ ዛፎች ውኃው ውስጥ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ኤሊዎች ግንዱ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔ ከፊት ነበርኩ። ተፈራ ሁለት ጊዜ ጫማውን ሊያስር ቆመ፤ ጫማው ማሰሪያ እንደሌለው አላነሣሁበትም።

ከጫካው ስንወጣ ባሕሩ ባንድ ጊዜ ተዘረጋ፣ በስተቀኝም በስተግራም ገደሉ ቆሟል። ከላይ ብርቱካንማ አሸዋና ጠጠር፣ ቀጥሎ ቢጫ አሸዋ፣ ከዚያ ፎቶው ላይ ያየሁት ነጭ መቀነት፣ ከሥር ደግሞ ሰማያዊ የቀላቀለ ግራጫ ነገር፣ ማዕበሉ እስከሚልሰው ድረስ። እግሩ ሥር ሙሉ ዛፎች ሥራቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ወድቀዋል። አንዱ ገና ቅጠሉ አልጠወለገም።

ያልጠወለገ ቅጠል ማለት የዚህ ሳምንት ውድቀት ነው።

ባሕሩ ዳርቻ ላይ ልጆችና ሽማግሌዎች በወንፊት አሸዋ ይነፋሉ፤ የጥንት የሻርክ ጥርስ ፍለጋ ነው። ከአሥር እስከ ሃያ ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ጥርስ ከገደሉ ታጥቦ ይወጣል። አሸዋው ላይ ያገኙትን መውሰድ ይፈቀዳል፤ ገደሉን መቆፈር ግን ክልክል ነው፣ ከሥሩ መሄድም ክልክል ነው። ገመድ ተወጥሮ ምልክት ተሰቅሏል። ተፈራና አስቴር ጎንበስ ብለው ጥርስ ሲፈልጉ እኔ ገመዱ አጠገብ ወደ ቆመችው የፓርኩ ጠባቂ ሄድኩ። ባለ ሰፊ ባርኔጣ ወጣት ሴት ነች።

"ያ ነጩ ላይምስቶን ነው" አልኳት በእንግሊዝኛ። እየጠየቅኳት ሳይሆን እየነገርኳት ነበር።

"አይ፣ ሰር" አለች በትሕትና። "ዛጎል ነው። ብዙ ዛጎል። ግን በሸክላ አፈርና በአሸዋ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው ያለው፤ ድንጋይ አልሆነም።"

"ጠንካራ ግን ነው።"

"ሲደርቅ ጠንካራ ይመስላል። ዝናብ ከላይ አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል፤ ሸክላው ስለማያሳልፈው በጎን ይወጣል። ማዕበሉ ደግሞ ከሥር ይቦረቡራል። ከዚያ ሳይታሰብ ይወርዳል። ገመዱ ለዚያ ነው።"

የሰማሁትን እንዳልሰማሁ ሆኜ ወሬ ለመቀየር "ታዲያ የተጠበቀ ነው እያላችሁ ለምን በግንብ አትደግፉትም?" አልኳት። በእኔ ዕውቀት መጠበቅ ማለት ማጠር፣ መደገፍ፣ ዘበኛ ማቆም ነው።

ሣቀችና አሸዋው ላይ ቱር የምትል ትንሽ ጥንዚዛ አሳየችኝ። ነብር ጥንዚዛ ይሏታል፤ የምታድነው እንደ ነብር ሮጣ ነው። በዓለም ላይ የቀረችባቸው ቦታዎች ጥቂት ስለሆኑ በሕግ ትጠበቃለች። እጮቿ የሚያድጉት ራቁቱን በቆመ፣ አዲስ በተናደ ገደል ግድግዳ ውስጥ ጉድጓድ ምሰው ነው። "ገደሉ መናድ ካቆመ ሣርና ቁጥቋጦ ይወርሰዋል፤ እሷም ቤት ታጣለች" አለችኝ። "ስለዚህ እዚህ የምንጠብቀው እንዳይፈርስ አይደለም። በራሱ ጊዜ እንዲፈርስ ነው።"

ይህን ያህል መጽሐፍ አንብቤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ፈርሶ የሚኖር ነገር! ጥርሱም ዛጎሉም የሚገኘው ስለሚፈርስ ነው፤ ጥንዚዛዋም የምትኖረው ስለሚፈርስ ነው።

አስቴር እጇ ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ጥርስ ይዛ መጣች፤ ፊቷ በርቷል። "ጋሽ በየነ፣ ምን አለችዎ?"

"ስለ አንዲት ጥንዚዛ አጫወተችኝ" አልኳት።

ውሸት አልነበረም። ግማሽ እውነት ነበር።

ቤቱ፣ ስምንት ሰዓት

ቤቱ ነጭ የእንጨት ቤት ነው፤ ዙሪያውን በረንዳ አለው። ኤጀንቷ የምትመጣው ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ቁልፍ አልነበረንም። አስቴር ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ወደ ውስጥ አየች፤ ከዚያ ዞራ ወደ ውኃው አየች። የማይንቀሳቀስ የሚመስል የጭነት መርከብ ከሩቅ ሄዶ ሄዶ ከዛፎቹ ጀርባ እስኪጠፋ በዓይኗ ሸኘችው።

"እዚህ ጋ ሁለት ወንበር" አለች። "እዚህ ጋ ጤና አዳም እተክላለሁ። ፀሐይ ይወዳል።"

"ለእኔ ወንበርስ?" አልኩ።

"ለእርስዎማ አልጋ ነው፤ ያለ እርስዎ ይሄን ቤት መች እንደፍር ነበር!"

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ቃል ለአንድ ወር እመነዝረው ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔን ወደ ገደሉ ጠርዝ መለስኩ።

የጎረቤቱ ሽማግሌ ከግቢው ሆኖ ሰላም አለን። ቀድሞ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ተፈራ እጁን ዘርግቶ "አዲሱ ጎረቤትህ ነኝ" አለው። ሰውየው ወደ ገደሉ አፍ ወሰደንና አጥሩን አሳየን። የአጥሩ ሁለት ቋሚዎች አየር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ከሥራቸው መሬት የለም። "እኔ ስመጣ ከዚህ አጥር ወዲያ የሚስቴ የአትክልት ቦታ ነበረ" አለ። አላለቀሰም፣ አላማረረም፤ የአየር ሁኔታ የሚናገር ነበር የሚመስለው። ከሥር ድንጋይ ማስደርደር ፈልጎ እንደነበር፣ ከሚናድ ገደል ውጭ የማትኖረው ጥንዚዛ ባለችበት ግን ይህ በቀላሉ እንደማይፈቀድ ነገረን። "እሷ ከእኔ በፊት ነበረች" ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

"የአጥር ነገር ነው" አለኝ ተፈራ በአማርኛ። "ሰውዬው አጥሩን ጠርዝ ላይ አቁሞት ነው። ና፣ ሎሚህን አሳየኝ።"

በቤቱ የእንጨት ደረጃ ወረድን። የመጨረሻዎቹን ሦስት እርከኖች ማዕበል ወስዷቸዋል፤ ተፈራ ደግፎ አወረደኝ። ከገደሉ ራቅ ብሎ፣ አሸዋው ላይ፣ ተቆርሶ የወደቀ ሚኒባስ የሚያህል ጓል ተጋድሟል። በላዩ ነጩ መቀነት እንዳለ አለ፤ ማራገቢያ የመሰሉ ትልልቅ ዛጎሎች እርስ በርስ ተነባብረውበታል። ከነጩ ሥር ደግሞ ግራጫው አለ።

ሰንጢዬን አውጥቼ ሎሚውን ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ኪሴ ከተትኩ። አንዱን ዛጎል በሰንጢው ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ጨመቅሁበት።

ፈላ። ጥሩ አድርጎ ፈላ።

"ፈላ!" ብሎ ጮኸ ተፈራ። "አስቱ፣ ነይ እዪ! ፈላልሽ! ጋሽ ሎሚ ሺህ ዓመት ያለው ይሄውልሽ!"

አስቴር ከደረጃው ላይ እልል አለች። ተፈራ ወዲያው ስልኩን አወጣ፤ ኤጀንቷ ቶሎ እንድትመጣ ሊደውልላት ነው።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሎሚው ፈልቷል፣ ምስክር አለኝ፣ ያልኩት ሆኗል። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሴቨን ኮርነርስ "ጋሽ ሎሚ ያቆመው ቤት" ሲባል በጆሮዬ ሰማሁት። ጭማቂው ገና ከጣቴ ይንጠባጠባል። ግን ዓይኔ ጓሉ ላይ ነው። ዛጎሎቹ እዚያ ውስጥ ያሉት ዳቦ ውስጥ እንዳለ ዘቢብ ነው። ቤቱን የተሸከመው ደግሞ ዘቢቡ አይደለም፤ ዳቦው ነው።

እጄን ዝቅ አድርጌ ቀሪውን ጭማቂ ግራጫው ላይ ጨመቅሁት።

ምንም የለም። ሎሚው እንደ ውኃ ቁልቁል ፈሰሰ። የአውራ ጣቴን ጥፍር ተጭኜ ብሞክረው እስከ ሥጋዬ ድረስ ገባ።

"ተፈራ" አልኩ። "ስልኩን ዝጋው።"

"እየጠራ ነው።"

"ዝጋው አልኩህ።"

ዘጋው። አስቴር ከደረጃው ወርዳ መጣች። ጥፍሬ የገባበትን ቦታ አየች፤ ከዚያ ፊቴን አየች።

"ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሽ በየነ?"

"ጭቃ ነው።"

"አሁን ፈልቷል እኮ!" አለ ተፈራ።

"የፈላው ዛጎሉ ነው። ሌላ ስንት ሚሊዮን ዓመት ክብደት ተጭኖት ቢከርም ኖሮ በሃ ድንጋይ ይሆን ነበር። ገና አልሆነም። ቤቱ ያለው ጭቃና አሸዋ ላይ ነው።"

"በስልክ ሺህ ዓመት ብለኸኝ ነበር።"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ?"

"ተሳስቻለሁ።"

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከአፌ ይህን ቃል ለመስማት ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠብቃ አልሰማችውም። እዚያ አሸዋ ላይ ከአፌ ሲወጣ እንግዳ ሰው የተናገረው መሰለኝ። ለአንዴ ከወጣ ብዬም ቀሪውን ጨመርኩት፤ የፓርኩ ጠባቂ ልጅ ጠዋት ይህንኑ ነግራኝ እንደነበር፣ እኔ ግን ዋጥ አድርጌው እንደመጣሁ።

ተፈራ ፊቱ ቀላ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ እኮ በሐሳቤ እዚህ ቤት ኖሬያለሁ! ሶፋውን የት እንደማደርገው ሁሉ አውቃለሁ! አንተ ግን አልጋህ ላይ ተጋድመህ፣ በፎቶ…" ቃል አጥቶ አንድ ዛጎል በእግሩ መታ። "ከሥሩ ድንጋይ አስደረድራለሁ።"

"ሰውየው የነገረህን ሰምተሃል" አለች አስቴር። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። ስልኩን ከእጁ ወሰደችና ራሷ ደወለች። በእንግሊዝኛ፣ በጣም በትሕትና፣ እንደማይፈርሙ ነገረቻት። ከዚያ ወደ ውኃው ዞረች።

"ያቺ ጥንዚዛ ግን ቤቷ እየፈረሰባት ነው የምትኖረው?" አለችኝ።

"አዎ፣ አስቴር።"

"ታድላ" አለች። "እኔ አልችልም።"

መልስ

ለአርባ ደቂቃ ያህል መኪናው ውስጥ የተናገረችው የጂፒኤሷ ሴትዮ ብቻ ነች። እኔም አልቀደምኳትም።

አስቴር ናት "እርቦኛል" ያለችው። ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ቤት ገባን። ሦስት የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ አዘዝን፤ አንዱ አሥራ አራት ዶላር ነው። ዓሣው ትኩስ ነው፣ ቅርፊቱ ኮሽ ይላል። ሎሚ ስንጠይቅ አስተናጋጇ ዛሬ አልቆብናል አለች።

ተፈራ ዓሣውን አየ። ከዚያ፣ ከገደሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔን አየኝ።

"ያቺን ግማሽ ሎሚ አምጣት።"

"ጭቃ ነክቷታል።"

"ያልነካትን ግማሽ!"

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ጨመቀው። ጎንበስ ብሎ ዓሣውን በጥንቃቄ መረመረ።

"ይሄም አልፈላም" አለ።

አስቴር አፏን በናፕኪን ይዛ ሣቀች፤ ሣቋ እንባ ቀላቀለ፤ ከየትኛው እንደመጣ አልጠየቅኳትም። ተፈራ ከዓሣው ላይ ትልቁን ቁራሽ ገምሶ ወደ እኔ ሳህን ገፋው። "ብላ፣ አንተ ሰውዬ። ዛሬ ብዙ ደረጃ ወጥተሃል።"

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሌክሳንድሪያ የራሴን መኪና ይዤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬ ላይ የቀረውን ግራጫ ጭቃ አላጠብኩትም፤ በቢላ ፍቄ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። ሌሊቱን ደርቆ ጠዋት እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አገኘሁት። በፎቶ ያታለለኝ ይኸው ነው። ውኃ ጠብ ሳደርግበት ሟሟ።

የድሮውን ደብተሬን አወጣሁ። "ላይምስቶን፦ የሎሚ ድንጋይ" ከሚለው ሥር ባዶ ቦታ ነበረ። "ዛጎሉ መፍላቱ ለገደሉ አይመሰክርም። ከሥሩ ያለውንም ሞክር" ብዬ ጻፍሁበት። የፊተኛውን አልሰረዝኩም። የጥንዚዛዋ ገደል የሚጠበቀው እየተናደ ከሆነ፣ የእኔም ዕውቀት ከፊቱ ትንሽ ቢናድ አይጎዳውም፤ ከሥሩ የሚወጣ ነገር አይጠፋም። ደግሞስ በሰባ ስድስት ዓመቱ፣ በሰው ፊት፣ ሎሚ በእጁ ይዞ ራሱን የሚያርም ሰው ስንት አለ? እኔ የማውቀው አንድ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አስቴር ኮል አደረገችኝ። ቤልትስቪል ውስጥ አንድ ቤት አይተዋል፤ ጡብ ነው፣ ገደል የለውም፣ ከጓሮው ትንሽ ምንጭ ትወርዳለች። ፎቶውን ላከችልኝ።

"ትንሽ ናት፤ ግን ውኃ ናት" አለች። "ጋሽ በየነ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ምን ይመስልዎታል?"

ፎቶውን አተኩሬ አየሁት። መልሱ እስከ ምላሴ ጫፍ መጥቶ ነበር፤ ጥሩ መልስም ነበር።

"አላውቅም፣ አስቴር" አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት "ሄሎ? ጋሽ በየነ? ሄሎ?" አለች።

"አለሁ። ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ።"

ከጀርባዋ የተፈራ ድምፅ ተሰማ። "ሁለት ሎሚ ይያዝ በዪው! አንዱ ለአፈሩ፣ አንዱ ለዓሣው!"